ዕድሜ በዘመን ይቆጠራል፤ ዐቅምስ በምን ይለካል? የገዳሪፍና የመተማ ዳርቻ አረጋውያን ታሪክ

በገዳሪፍ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የስደተኞች ሰፈሮች የኖሩ አረጋውያን የመታወቂያ ወረቀታቸውን አንድ ላይ ቢደረድሩት፣ ከመካከላቸው እጅግ ብዙዎቹ በአንድ ቀን የተወለዱ ሆነው ይገኛሉ፤ ጃንዋሪ 1። እናቶቻቸው ተማክረው በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት የተገላገሉ ይመስላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። መዝጋቢው ዓመቱን በግምት ካገኘ በኋላ ወሩንና ቀኑን የሚሞላበት ስለሚያጣ የዓመቱን የመጀመሪያ ቀን ይጽፋል። ይህ የስደተኛው ዕጣ ብቻ አይደለም። በገጠር የተወለዱ የሱዳን አዛውንቶችም በብዛት ያው ቀን ተሰጥቷቸዋልና፣ ጃንዋሪ 1 በባተ ቁጥር ሱዳናውያን እንኳን ለልደትህ አደረሰህ እየተባባሉ ይቀልዳሉ።

ከወሰኑ ወዲህ ማዶ ባለችው ኢትዮጵያም የልደት መዝገብ ዘመናዊ ነገር ነው። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዛሬ ሽበት ያበቀለ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ዕድሜው የሚታወቀው በወረቀት ሳይሆን በታሪክ ነው። በዚህ ዳርቻ ደግሞ ታሪክ አልጠፋም። አፄ ዮሐንስ በመተማ የወደቁበት የመጋቢት 1881 ዓ.ም. ጦርነት አለ፤ ክፉ ቀን አለ፤ የሰገሌ ጦርነት አለ፤ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አለ፤ በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን መግባት አለ። ከአትባራ ማዶ ላሉት ደግሞ የሱዳን ነጻነት (በ1956 እ.ኤ.አ.) እና የኦክቶበር 1964 እ.ኤ.አ. ሕዝባዊ አመፅ መቁጠሪያ ሆነው ያገለግላሉ። የሕዝብ ቆጠራ ባለሙያዎችም ይህንኑ የአያቶች ዘዴ ወስደው የኩነቶች የቀን መቁጠሪያ የሚል ስም ሰጥተውታል።

ዘዴው ያለ ጣጣ አይሠራም። እንበልና በ1977 ዓ.ም. ከጠለምት ተነሥተው በእግራቸው ገዳሪፍ የደረሱ አንዲት እናት ዕድሜያቸው ተጠየቀ። «ጣሊያን ሲገባ ፍየል እጠብቅ ነበር» አሉ። ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ሰባት ወይም ስምንት ዓመቱ ነው ተብሎ ይታሰባል። እንግዲህ የተወለዱት በ1920 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ በ1977 ዓ.ም. 57 ዓመታቸው ነው ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአረጋዊነት ወለል 60 ነውና እኒህ እናት አረጋዊት ተብለው አይመዘገቡም። ጥርሳቸው ረግፏል፤ ዓይናቸው ሞራ ለብሷል፤ ስምንት ልጅ ወልደው አራቱን ቀብረዋል፤ ወገባቸው ጎብጧል። በመዝገቡ ግን ገና ጎልማሳ ናቸው። በሌላ በኩል ከእርሳቸው አሥር ዓመት የሚበልጡ፣ ድንጋይ ተሸክመው አቀበት የሚወጡ አዛውንት በዚያው ሰልፍ ቆመው አረጋዊ ይባላሉ። ዕድሜ ስለ ዐቅም የሚናገረው ይህን ያህል ብቻ ነው።

በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ በምሥራቅ ሱዳን የተከፈቱት ሰፈሮች፣ ወድ ከውሊ፣ ሰፋዋ፣ ፋውና ሌሎችም፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ተቀብለዋል። በዚያን ጊዜ በየሰፈሩ የሚደረገው ዋናው ልኬት የሕፃናት ነበር። ክብደት ከቁመት ጋር ይመዛዘናል፤ ወይም የመሐል ክንድ ዙሪያ በሜትር ይለካል። የክንድ ልኬት በእርዳታ ሥራ ላይ ስሙን ያገኘው በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በናይጄሪያ የቢያፍራ ጦርነት ጊዜ ነው። ክዌከር የተባሉት ክርስቲያኖች የእርዳታ ቡድን የሕፃኑን የክንድ ዙሪያ ከቁመቱ ጋር የሚያስተያይ ምልክት የተሠራበት አንድ በትር ይዞ በአንድ ቀን ብዙ መቶ ልጆችን ይለይ ነበር። ዘዴው ፈጣን፣ ርካሽና ለጠያቂም ለተጠያቂም ቀላል ነው። ነገር ግን የተሠራው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ምክንያቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ በረኃብ ጊዜ ፈጥኖ የሚሞተው ሕፃን ነውና። ይሁንና ልኬት የሌለው ሰው በሪፖርት ውስጥ የለም፤ በሪፖርት የሌለ ሰው ደግሞ በምግብ ዕደላ ዕቅድ ውስጥ የለም። ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሳምንታት ተጉዘው የመጡት አያቶች ልጁ ሲለካ አጠገቡ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር።

በዚያው ዘመን ኡም ራኩባ በሚባለው ሰፈር ከጎንደርና ከትግራይ የመጡ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። በኖቬምበር 1984 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የሙሴ ዘመቻ ስምንት ሺህ ያህሉ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወስደዋል፤ በመንገድና በሰፈር ያለቁት አራት ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ይነገራል። ከተረፉት አዛውንቶች መካከል እስራኤል ሲገቡ የተጻፈላቸው ዕድሜ ከእውነተኛው ያነሰ ነው፣ የጡረታ መብታችንም ዘገየ እያሉ መዝገቡን ለማስተካከል ለዓመታት የተመላለሱ አሉ። በድንበር ላይ በጥድፊያ የተጻፈ ቁጥር ሰውን እስከ ምን ድረስ እንደሚከተል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ስለ አረጋውያን ስደተኞች አካል ቁም ነገር ያለው ጥናት የመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በሌላ ሰፈር ነው። ከ1994 እ.ኤ.አ. የሩዋንዳ እልቂት በኋላ በታንዛንያ ካራግዌ በተባለ ወረዳ የሰፈሩ፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ ከስምንት መቶ የሚበልጡ ስደተኞች በለንደን ተመራማሪዎች ተለኩ። ወለሉ 60 ሳይሆን 50 መደረጉን ልብ ይሏል። ተመራማሪዎቹ ያጋጠማቸው የመጀመሪያው ችግር ቁመት ነበር። የጎበጠ ሰው ቁመቱ አይለካም፤ ቢለካም ውሸት ይናገራል። መፍትሔው ክንድ ሆነ። ክንድን ወደ ጎን ዘርግቶ ከደረት አጥንት አናት መካከል እስከ ጣቶች ሥር ድረስ በሜትር መለካትና ከዚያ የወጣትነት ቁመትን ማስላት ነው። ጀርባ ቢጎብጥም የክንድ አጥንት አያጥርም። ሸማ በክንድ እየለካ ሲገበያይ የኖረ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ሸማኔው ያውቀው የነበረ ሐቅ ነውና።

ሁለተኛው መሣሪያ የእጅ ጭብጥ መለኪያ ነው። አረጋዊው አንድ የብረት እጀታ ባለ ኃይላቸው ይጨብጣሉ፤ መርፌው ኪሎ ያነባል። በካራግዌ የታየው፣ የዕድሜና የቁመት ልዩነት ከተቀነሰ በኋላም ቢሆን ሰውነታቸው የከሳ ሰዎች ጭብጣቸው ደካማ መሆኑ ነው። ይህ ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ፍሬ አለው። የአረጋዊ መድከም ሁሉ እርጅና አይደለም፤ ከፊሉ ረኃብ ነው፤ ረኃብ ደግሞ መድኃኒት አለው። በኋላ ለአረጋውያንም የክንድ ዙሪያ መለኪያ ወለል ተበጀላቸው። ከ210 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ክንድ የተመጣጠነ ምግብ እጥረት ምልክት፣ ከ185 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ደግሞ የከባድ እጥረት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። እርጅና ብቻህን ና ሲሉ የኖሩት አበው፣ እርጅናና በሽታ ሁለት መሆናቸውን ያለ ብረት እጀታ ተረድተውት ነበር።

የአካል ነገር በክብደትና በጭብጥ አያበቃም። ሰውዬው ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በዓለም ላይ በብዛት የተሠራበት መጠይቅ የተጻፈው አሜሪካ ውስጥ ክሊቭላንድ ከተማ ነው። ሲድኒ ካትዝ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በተለይ የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ አረጋውያንን ሲከታተል ቆይቶ በ1963 እ.ኤ.አ. ስድስት ነገሮችን አወጣ፤ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መሄድ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዘዋወር፣ ሽንትና ዓይነ ምድርን መቆጣጠር፣ መመገብ። ያስተዋለው ነገር ድንቅ ነው። ሰው እነዚህን ችሎታዎች የሚያጣው በዘፈቀደ ሳይሆን በተራ ነው። በቅድሚያ መታጠብ ያቅታል፤ በመጨረሻ የሚቀረው መጉረስ ነው። ሲያገግምም በተቃራኒው ተራ ይመለሳል። ሕፃን ሲያድግ የሚማርበት ቅደም ተከተልም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

እንዲህ ዓይነት መሰላል የገበሬውም አገር ነበረው፤ አልተጻፈም እንጂ። በአርማጭሆም ሆነ በሰቲት ዳር፣ ወንዱ መጀመሪያ ሞፈርና ቀንበር ይተዋል፤ ቀጥሎ ማጭድ ይተዋል፤ ከዚያ ማማ ላይ ተቀምጦ ከማሽላው ወፍ ይከላከላል፤ እግሩ ሲከዳው ደጃፍ ሆኖ ጥጃ ያግዳል፤ በመጨረሻም የወሰን ድንጋይ የት እንደነበረ የሚጠየቅ ምስክር ሆኖ ይቀራል። ሴቲቱም እንዲሁ ውኃ መቅዳት ትተው ወደ ምጣዱ፣ ከምጣዱ ወደ እንዝርቱ ይወርዳሉ። ዓይን ፈዝዞ እንኳ ጣት ጥጥ ይፈትላል። የዚህ መሰላል ልዩ ጠባይ በየደረጃው ሥራ ያለው መሆኑ ነው። ጎረቤት የሰውየውን ዐቅም የሚያውቀው በነጥብ ሳይሆን ዘንድሮ የትኛው ደረጃ ላይ እንደተቀመጠ በማየት ነው።

ስደት የሚወስደው ይህን መሰላል ነው። በሰፈር ውስጥ በሬ የለም፤ ማሽላም የለም፤ ማማም የለም። ትናንት ወፍ ይጠብቁ የነበሩ አዛውንት ዛሬ ድንኳን ውስጥ ተኝተው ይውላሉ። ሰውነታቸው በአንድ ሳምንት አልተለወጠም፤ የሚሠሩት ግን ወደ ባዶ ወርዷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስለ እርጅናና ጤና የሚናገር ሪፖርቱ ይህን ልዩነት በሁለት ስም ለይቶታል፤ አንዱ በሰውየው ውስጥ ያለው የአካልና የአእምሮ ዐቅም፣ ሌላው ከአካባቢው ጋር ተደምሮ ሊሠራ የሚችለው ነገር ነው። ሁለቱን ያደባለቀ መጠይቅ አገር ያሳጣውን ሰውነት እንዳሳጣው አድርጎ ይቆጥራል።

መጠይቆቹ ደግሞ ከየትውልድ አገራቸው ዕቃ ይዘው ይመጣሉ። በ1965 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሜሪላንድ የታተመው የባርተል መለኪያ ከመቶ የሚታሰብ ሲሆን፣ ከመቶው አሥሩ ነጥብ የሚሰጠው ደረጃ መውጣትና መውረድ ለሚችል ሰው ነው። በገዳሪፍ ዙሪያ ያለ ጎጆ ደረጃ የለውም። አንድ አዛውንት ዕድሜ ልካቸውን የሊማሊሞን አቀበት ሲወጡ ኖረው ደረጃ ግን ረግጠው ባያውቁ፣ ጠያቂው ምን ብሎ ይሙላ? በ1969 እ.ኤ.አ. ላውተንና ብሮዲ ያዘጋጁት ሌላው መጠይቅ ስልክ መደወል፣ ገበያ መሄድ፣ ገንዘብ መያዝ፣ ምግብ ማብሰል እያለ ይቀጥላል፤ መጀመሪያ ሲሠራበት ወንዶች ስለ ማብሰል፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ልብስ ማጠብ አይጠየቁም ነበር። ፊላዴልፊያ ላይም ጓዳ የሴት ነበረች ማለት ነው። ከወንበር ተነሥቶ ሦስት ሜትር ተራምዶ መመለስን በሰዓት የሚለካው የ1991 እ.ኤ.አ. ፈተናም የሚፈልገው መደገፊያ ያለው ወንበር ነው። በርጩማና መደብ ላይ ለኖረ ሰው ከዚያ ወንበር መነሣት ቀላል ነው፤ የሚከብደው ከበርጩማው መነሣት ነው። ስለዚህ ይህ ፈተና ሰውን ከሚገባው በላይ ብርቱ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ስሕተት ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን አያደላም።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በዚህ ዳርቻ ሐኪሙ ዐረብኛ፣ አዛውንቱ አማርኛ ወይም ትግርኛ ይናገራሉ፤ በመካከል የሚቆመው አስተርጓሚ ብዙ ጊዜ ሱዳን ተወልዶ ያደገ የልጅ ልጅ ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ አያቱን «እማማ፣ ሽንትዎን መቆጣጠር ያቅትዎታል ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ነው። ሊጠይቅ አይችልም። ቢጠይቅም አንገቱን ደፍቶ ጥያቄውን አለሳልሶ ነው፤ እሳቸውም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላሉ። ይህ መልስ ሰላምታ እንጂ የሕክምና መረጃ አይደለም። በወረቀቱ ላይ ግን ችግር የለም የሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት ይደረጋል።

የአእምሮ ልኬት ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። በ1975 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያኑ ማርሻልና ሱዛን ፎልስታይን ከፖል ማክሂዩ ጋር ያወጡት ባለ 30 ነጥብ አጭር ፈተና ዓለምን አዳርሷል። ብዙ ሐኪሞች ከ24 በታች ያመጣ ሰው የመርሳት ሕመም ሊኖርበት ይችላል ብለው ይጠረጥራሉ። ፈተናው ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መሄድን፣ ወይም አንድን የእንግሊዝኛ ቃል ከኋላ ወደ ፊት መፊደልን ይጠይቃል፤ ይህ አምስት ነጥብ ነው። የተጻፈ ትእዛዝ አንብቦ መፈጸም አንድ ነጥብ፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍ አንድ ነጥብ፣ የተጠላለፉ ሁለት አምስት ማዕዘኖችን በእርሳስ መገልበጥ አንድ ነጥብ ነው። ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው እነዚህን ስምንት ነጥቦች ቢያጣ፣ ሌላው ሁሉ ፍጹም ሆኖ 22 ያመጣል። ከወለሉ በታች ነው። አሁን ያሉት ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚለው ጥያቄ ሲጨመር ደግሞ 21።

ወደ ቀን ጥያቄ እንምጣ። ዛሬ ስንት ነው፣ ወሩ ማን ነው፣ ዓመቱስ? ነገሩን በአንድ እውነተኛ ዕለት ላይ ማየት ይቻላል። በኖቬምበር 2020 እ.ኤ.አ. የትግራይ ጦርነት ሲነሣ በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ሰው ወደ ሱዳን ጎረፈ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ቁጥሩ ከ50 ሺህ አለፈ። በኖቬምበር 21 ቀን አንድ አዛውንት ዕለቱን ቢጠየቁ «ዛሬማ ኅዳር ሚካኤል ነው» ባሉ ነበር። ትክክል ናቸው። ኅዳር 12 ነው፤ ወሩንም ቀኑንም በአንድ ቃል መልሰዋል። ዓመተ ምሕረቱ 2013 ነው። በጠያቂው ወረቀት ላይ 2020 ተጽፏል። ከጎናቸው ለተቀመጡት የሰቲት ሁመራ ሙስሊም ዓመቱ 1442 ዓመተ ሂጅራ ነው። ሦስቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ ነጥብ የሚሰጠው ግን ለአንዱ ነው።

ሰዓቱም ከዚህ የተለየ አይደለም። ኢትዮጵያዊው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የሚለውን ሌላው ዘጠኝ ይለዋል፤ ይህ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው ልብ የማይለው፣ ሱዳን ራሷ ሰዓቷን ሁለት ጊዜ መለወጧን ነው። በጃንዋሪ 2000 እ.ኤ.አ. አንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፍታ ከአዲስ አበባ ጋር አስተካከለች፤ በኖቬምበር 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ መልሳ ወደ ኋላ ሳበችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመተማንና የገላባትን ድልድይ የሚሻገር ሰው በጥቂት እርምጃ አንድ ሰዓት ያተርፋል ወይም ይከስራል። የመንግሥት አዋጅ የሚቀያይረውን ሰዓት ያልያዘ አዛውንት አእምሮው ደከመ አይባልም።

ስለ ስሌት ከተነሣ ደግሞ ባሕረ ሐሳብን የሚያውቁ መሪጌቶች አሉ። ወንበሩን በ11 አባዝተው ለ30 ገድፈው አበቅቴን፣ በ19 አባዝተው ለ30 ገድፈው መጥቅዕን በቃላቸው ያወጣሉ፤ ከዚያም ጾመ ነነዌ መቼ እንደሚገባ ይናገራሉ። እንዲህ ያለ ሰው ከ100 ላይ ሰባት ቀንስ ቢሉት ለምን ብሎ ይጠይቃል እንጂ አይቸገርም። ችግሩ ያለው በዚያ ትምህርት ላላለፈው፣ ነገር ግን የሰሊጡን ኩንታል፣ የደላላውን ድርሻና ያለበትን ብድር በልቡ አስልቶ ገዳሪፍ ገበያ ላይ አንድም ቀን ላልተታለለው ገበሬ ነው። እሱ ባዶ ቁጥር ሲሰጡት አይገባውም፤ በፓውንድ ወይም በብር ቢጠይቁት ግን ይመልሳል።

ይህን ከልብ ያሰቡ ሰዎች ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አንሥቶ ታዩ። በናይጄሪያ ኢባዳን ከተማ የሚኖሩ ዮሩባዎችንና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ጥቁሮችን ለማስተያየት የተነሡት ሂዩ ሄንድሪ፣ ናይጄሪያዊው ኦሱንቶኩንና ባልደረቦቻቸው ፊደል የማይጠይቅ መጠይቅ አዘጋጁ። ከእሱ የተቀነጨበው አጭር ቅጂ ሰባት ጥያቄ ብቻ አለው። ክርን ይታያል፣ ይህ ምን ይባላል? መዶሻ ለምን ያገለግላል? የቅርቡ ገበያ የት ነው? ዛሬ ምን ቀን ነው? ወቅቱ ምንድን ነው? መጀመሪያ መስኮቱን ከዚያ በሩን ያመልክቱ። ሦስት ቃላትን ይያዙና በኋላ ይንገሩኝ፤ ጀልባ፣ ቤት፣ ዓሣ።

እዚህም ላይ ቢሆን የሚታረም አይጠፋም። ለጣና ሰው ጀልባ ታንኳ ነው፤ ለወልቃይት ቆላ ሰው ግን ባዕድ ነገር ነው። ጎጆ ደግሞ በር እንጂ መስኮት የለውም። የወቅቱ ጥያቄ ግን ለዚህ አገር የተሠራ ይመስላል። ክረምት ወይም ኸሪፍ፣ በጋ ወይም ሰይፍ፣ የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን፣ ከወሰኑ ወዲያም ሆነ ወዲህ ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሰባቱ ጥያቄዎች አይደሉም። ከኢባዳን የመጣው ዋናው መጠይቅ ሁለተኛ ክፍል አለው። እሱም አረጋዊውን ሳይሆን አብሯቸው የሚኖረውን ሰው ይጠይቃል። እንደ ድሮው ናቸው? የተናገሩትን ይደግማሉ? መንገድ ጠፍቷቸው ያውቃል? ሰውየው የሚነጻጸረው ከክሊቭላንድ ነዋሪ ጋር ሳይሆን ከራሱ ትናንት ጋር ነው።

የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በ1952 ዓ.ም. ወደዚህ የተጠጋ ነገር ተናግሮ ነበር። ቁጥር 339 በእርጅናው ምክንያት የሚሠራው ሥራ የሚያስከትለውን ውጤት ለማወቅ ያልቻለውን ሰው በአእምሮ ጉድለት ውስጥ ያስገባዋል። ታዲያ ይህ በምን ይታወቃል? ቁጥር 342 ከሁለት ሺህ ያነሰ ሕዝብ ለሚኖርበት ቀበሌ የተለየ መለኪያ አስቀመጠ። ቤተ ሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች የሚጠብቁት ከሆነ፣ ወዲያ ወዲህ እንዳይልም የሚከለክሉት ከሆነ ጉድለቱ ግልጽ ነው ይላል። የፈረንሳዩ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ይህን ሲያረቅ የአገሬውን ልማድ የተመለከተ ይመስላል። በመንደር ውስጥ አባት ጃጁ የሚባለው ነጥብ ስላነሱ ሳይሆን፣ ልጅ ከኋላቸው መሄድ ስለጀመረ ነው። ሽምግልና ላይም እንዲሁ ነው። ነገሩን ያምታቱ ሽማግሌ ከጉባኤው አይባረሩም፤ በክብር ቦታቸው ይቀመጣሉ፤ ፍርዱን የሚናገረው ግን ሌላ ይሆናል። ያየ ያውቃል፤ አይነገርም።

በስደት ሰፈር ግን ጎረቤቱ አዲስ ነው። ትናንት የተገናኘ ሰው እንደ ድሮው ናቸው ወይ ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይመልሳል? ልጆቹ በጦርነት ወይም በመንገድ የተለዩበት አዛውንት የሚመሰክርለት የለም፤ ዐቅሙን የሚያውቀው መንደር ወንዝ ማዶ ቀርቷል። በዚህ ላይ የሕግ ነገር ሲጨመር ይከፋል። ከ1991 እ.ኤ.አ. በፊት ለተሰደዱ ኢትዮጵያውያን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ከማርች 1 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስደተኛነት ምክንያታቸው አብቅቷል ብሎ ወሰነ፤ መመለስ የማይችሉበትን ምክንያት የሚያቀርቡ በግል እንዲመረመሩ ሆነ። በገዳሪፍ ዙሪያ ያረጁ ሰዎች በጎልማሳነታቸው የሸሹትን ነገር፣ ዓመቱንና ቦታውን ሳያዛንፉ እንዲናገሩ ይጠበቅባቸው ነበር። ማስታወስ ራሱ የመኖሪያ ፈቃድ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያዎቹ ተሻሽለዋል። ሄልፕኤጅ ኢንተርናሽናል ከሌሎች ጋር ሆኖ በ2015 እ.ኤ.አ. ባዘጋጀው ፈጣን የጥናት ዘዴ ውስጥ የክንድ ዙሪያ፣ የካትዝ ስድስት ነገሮች፣ የኢባዳን ሰባት ጥያቄዎችና ፊደል ለማያውቅ የተዘጋጀ የዓይን ፈተና አንድ ላይ ገብተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 እ.ኤ.አ. ለጤና ሠራተኞች ባወጣው መመሪያ እጅን ደረት ላይ አጣጥፎ ከወንበር አምስት ጊዜ በ14 ሰከንድ ውስጥ መነሣትን ያስቀምጣል፤ ሦስት ቃል ማስታወስም አለ፤ አበባ፣ በር፣ ሩዝ። ሩዝ ከፎገራ ወዲህ ለኛም ቤተኛ ሆኗል።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም የተነሣው ጦርነት ግን የስደቱን አቅጣጫ ገለበጠው። በዲሴምበር 2023 እ.ኤ.አ. ወድ መደኒ፣ በጁን 2024 እ.ኤ.አ. ሲንጃ ሲወድቁ ሕዝቡ ወደ ገዳሪፍ ፈሰሰ፤ ሌላው በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገረ፤ በኩመርና በአውላላ፣ በኋላም በአፍጢት ሰፈረ። ከመካከላቸው በወጣትነታቸው ከኢትዮጵያ ተሰደው፣ ሱዳን አርጅተው፣ በዚያው ድልድይ የተመለሱ አሉ። እንዲህ ያሉ እናት ከሰባቱ ጥያቄዎች ሦስተኛውን ሲጠየቁ፣ የቅርቡ ገበያ የት ነው ሲባሉ፣ እጃቸውን ወደ ሁለት አቅጣጫ ሊያመለክቱ ይችላሉ። አንዱ ገበያ በዚህኛው ባንዲራ ሥር ነው፤ ሌላው ከድልድዩ ማዶ፣ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ጠያቂው አካባቢውን የማያውቅ እንግዳ ከሆነ አንድ ነጥብ ይቀንስባቸዋል።